ሞዴል 19 የተቆረጠለት ሶፋ

በትምህርት ቤታችን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንድ ቡናማ ሶፋ አለ። የኔ ነው። በጀርባው በቀይ ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎበታል፤ የጻፈው የንብረት ክፍል ሠራተኛ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሰባቱ አንድ ይመስላል። ትምህርት ቤቱን በስሙ አልጠራውም። ከአምቦ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ፣ እጃጂ ሳይደርሱ፣ ከአስፋልቱ ዳር ካሉት አንዱ ነው። ሰዎቹን ግን እጠራቸዋለሁ፤ ይገባቸዋል።

እኔ ሃዋኒ እባላለሁ። አማርኛ አስተምራለሁ፤ ባይፖላር የሚባል የአእምሮ ሕመምም አለብኝ። አምቦ ያለው ሐኪሜ ሲያስረዳኝ፣ አንዳንድ ጊዜ ያለ ልክ እንደምነሳ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያለ ልክ እንደምወድቅ ነግሮኛል። የሥራ ባልደረቦቼ አጠር አድርገውታል። ሞቅ ሲለኝ «የሃዋኒ በጋ» ይሉታል፤ ስወድቅ «ክረምቷ ገባ» ይላሉ።

በ2011 ዓ.ም. በጋዬ ላይ ነበርኩ። ባለቤቴ ጅሩ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ለመስክ ሥራ ሸነን ሄዶ ነበር። መምህራን በእረፍት ሰዓት በተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወገባቸውን ሲያሹ አየሁ። ጋሪ ጠራሁ። ሶፋው፣ ጠረጴዛው፣ ሁለት መጋረጃና ለሰርጋችን የተሰጠን የግድግዳ ሰዓት ተጭነው ሄዱ። ጅሩ ተመልሶ በሩን ከፍቶ ሲጠራኝ፣ ቤቱ ባዶ ስለነበር የገዛ ድምፁ መለሰለት።

ዕቃውን ሊያስመልስ ሄደ። ዳይሬክተራችን ኦቦ ዲንሳ በአክብሮት ተቀበሉት፤ እዚያው ሶፋ ላይ አስቀምጠውም ንብረቱ በሞዴል 19 ገቢ መሆኑን ነገሩት። ሞዴል 19 ዕቃ የመንግሥት ንብረት ሲሆን የሚቆረጥ ደረሰኝ ነው። አንዴ ከተቆረጠ ዕቃው የሚወጣው በሞዴል 22 ነው፤ ሞዴል 22 እንዲቆረጥ ደግሞ ኮሚቴ ተቀምጦ መወሰን አለበት። ኮሚቴው ለዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተቀመጠም። ሶፋው ላይ ግን በየቀኑ ይቀመጣል።

በዚያው በጋዬ ኢንስፔክሽን መጣ። ኢንስፔክሽን ማለት ሰዎች ከውጭ መጥተው ትምህርት ቤቱን በሃያ ስድስት ስታንዳርድ መዝነው ደረጃ የሚሰጡበት ነው። ሌላው መምህር ጭንቅላቱን ይዞ ሲቀመጥ እኔ በዘጠኝ ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት እየተኛሁ፣ ሃያ ስድስቱንም ቦክስ ፋይል ሞላሁ። ያልተሰበሰበ ክበብ ቃለ ጉባኤ አገኘ። የሒሳብ መምህሩ ዋቆ የዓመቱን የትምህርት ዕቅድ ከኔ እጅ ተረክቦ ፈረመ። ትምህርት ቤቱ ከደረጃ ሁለት ወደ ደረጃ ሦስት ወጣ።

ከዚያ ክረምቴ ገባ። ሁለት ወር ከአልጋ አልተነሳሁም። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ መሞትን እንደ እረፍት አስብ ነበር። ኦቦ ዲንሳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ወረቀት ላኩልኝ፤ አንዱ ላሳየሁት የላቀ ትጋት የምስጋና የምስክር ወረቀት፣ ሁለተኛው ከሥራ ገበታዬ ስለቀረሁ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። ጅሩ ሁለቱንም በአንድ ላስቲክ አስሮ አስቀመጣቸው።

መድኃኒት የጀመርኩት ያኔ ነው። ሲጀመር ታማኝ አልነበርኩም። ክኒኑን በጉንጬ እይዝና ጓሮ ወጥቼ ጎመኑ ሥር እተፋዋለሁ። ያን ዓመት የኛ ጎመን የሚያምር፣ የተረጋጋ ጎመን ነበር። ጅሩ መሬቱን ሲኮተኩት ነጫጭ ክኒኖቹን አገኛቸው። አልጮኸብኝም። «ብትታመሚ ጥዬሽ አልሄድም» አለኝ። «ሳትነግሪኝ ብትታመሚ ግን አልችልም። ጉልበቱ የለኝም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ውል አለን። ሐኪሙ የበጋዬ የመጀመሪያ ምልክት የእንቅልፍ ማነስ መሆኑን ነግሮናል። ጅሩ ዝናብ በሚመዘግብበት ደብተር ላይ፣ ከሚሊ ሜትሩ ጎን፣ እኔ የተኛሁበትን ሰዓት ይጽፋል። መስክ ሲሆን ጠዋት ደውሎ ይጠይቀኛል። እኔ «ስምንት» እላለሁ፤ እሱ ስምንት ብሎ ይጽፋል። በዚህ ደብተር ላይ አልዋሸሁም። ብዋሽ ትዳሬ እንደሚያልቅ አውቃለሁ።

እንዲህ እያልን አራት ዓመት ሊሞላን ሆነ፤ ደህና ሆንኩ። ደህና መሆኔን የወደደልኝ ሰው ግን ጥቂት ነው። ዋቆ መስከረም በመጣ ቁጥር ፊቴን አየት አድርጎ ዘንድሮም በጋ የለም ወይ ይለኛል፤ የትምህርት ዕቅዱን ራሱ መጻፍ አልለመደም። በ2015 መጋቢት ላይ ኢንስፔክሽን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚመጣ ሲሰማ፣ የመምህራን ማረፊያው በሙሉ ሶፋዬ ላይ ተደርድሮ እኔን ያይ ጀመር።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ኦቦ ዲንሳ ቢሮ አስጠሩኝ፤ ወንበር ራሳቸው ስበው አስቀመጡኝ፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ጅሩ፣ ስለ ሸነን ስንዴ ጠየቁኝ። ከዚያ በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ሃዋኒዬ፣ ያ ክኒን የግድ በየቀኑ ነው የሚወሰደው?»

«የግድ ነው ኦቦ ዲንሳ።»

«ሁለት ሳምንት ብቻ ብታርፊለትስ? ኢንስፔክሽኑ ሲያልፍ ትቀጥያለሽ። የሕመም ፈቃዱን እኔ አሁኑኑ አዘጋጅልሻለሁ።»

የመውደቂያዬን ፈቃድ ከመውደቄ በፊት ሊጽፉልኝ ነው። ተናደድኩ። ከንዴቴ የባሰው ግን ሐሳቡን መውደዴ ነበር። ሰው በጋን ሳያውቀው ይቅር። ቃሉ ሁሉ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ድካም የሚባል ነገር የለም፤ የሚያገኙት ሰው ሁሉ ቆንጆ ነው። ያን ዕለት ማታ ክኒኑን መዳፌ ላይ አስቀምጬ ብዙ አየሁት። ከዚያ ጅሩ ጎመኑን ሲኮተኩት የነበረው ፊቱ ትዝ አለኝና በውሃ ዋጥኩት። ነገሩ የመጣልኝ ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ነው። በጋ የፈለጉ እንደሆነ በጋ እሰጣቸዋለሁ። የታመመችው ሃዋኒ ስታገለግላቸው ኖራለች፤ አሁን ደህነኛዋ ትዘዛቸው።

በማግስቱ በ2011 አደርገው የነበረውን ቢጫ ሻሽ ከሣጥን አውጥቼ አሰርኩ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢ ገብቼ ባንዲራው ምሰሶ ሥር ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ዓረፍተ ነገር ጀምሬ ሳልጨርስ ሌላ ጀመርኩ። ዋቆ አይቶኝ በሩጫ ወደ ቢሮ ገባ። ኦቦ ዲንሳ ብቅ ብለው ሻሹን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የደስታ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በዚያው ቀን እኔ በሌለሁበት ስብሰባ መደረጉን የሰማሁት ኋላ ነው። አመለሸጋ የምትባለው የባዮሎጂ መምህርት እንደነገረችኝ፣ ኦቦ ዲንሳ መመሪያ ሰጥተዋል፤ ሃዋኒን ማንም እንዳይከራከራት፣ የምትለውን ሁሉ እሺ እንዲሏት፣ ከተቃወሟት እንዳትበርድባቸው። ይህን መመሪያ ስብሰባውን ሳልሰማ በሁለት ሰዓት ውስጥ ደረስኩበት። ማንም እምቢ አላለኝማ።

በእውነተኛው በጋዬ ሁሉን የሠራሁት ራሴ ነበርኩ። በውሸቱ በጋ አንድ ወረቀት አልነካሁም፤ ጣቴን ብቻ ነበር የምቀስረው። ለዋቆ የአራቱንም ሩብ ዓመት ዕቅድ በሦስት ቀን እንዲያመጣ ነገርኩት፤ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት ዓይኔን አፍጥጬ ሳቅሁበት፤ እሺ ብሎ ሄደ፤ ሌሊቱን ሲጽፍ አደረ። የፊዚክሱ መምህር ቁልፉ ጠፍቷል ሲባል የኖረውን የቤተ ሙከራ ቁም ሣጥን ከፈተ፤ ቁልፉ ከገዛ ኪሱ ተገኘ። በወረቀት ብቻ ይሰበሰብ የነበረው የልጃገረዶች ክበብ በአካል ተሰበሰበ። አርባ ሁለት ልጆች መጡና የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የሽንት ቤታቸው በር ለምን ሁለት ዓመት ያለ መቀርቀሪያ እንደቆየ ነበር።

ጥያቄውን ይዤ ኦቦ ዲንሳ ዘንድ ገባሁ። የሴቶች ሽንት ቤት በር በሕልሜ እያለቀሰ እንደመጣብኝና መቀርቀሪያዬን ዲንሳ በእጁ ይግጠምልኝ እንዳለኝ ነገርኳቸው። አናጢ እንጥራ አሉ። በሩ ስማቸውን ጠርቶ እንደነገረኝ ደገምኩላቸው፤ ሻሼንም ጠበቅ አደረግሁ። እሺ አሉ። ኮታቸውን ለብሰው፣ መዶሻ ይዘው፣ ስድስት መቀርቀሪያ ገጠሙ፤ በሮቹንም ሰማያዊ ቀለም ቀቡ። ሴት ተማሪዎች በመስኮት ተደርድረው ያጨበጭቡላቸው ነበር። ደስ አለኝ፤ አልክድም። እንዲህ ዓይነት ደስታ ከተሰማኝ ብዙ ጊዜዬ ነው።

አንድ ቀን ብቻ ፈራሁ። ጠዋት ምሰሶው ሥር ለማስመሰል የጀመርኩት ሳቅ አልቆም አለኝ። እውነተኛው መጣ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ሽንት ቤት ገብቼ፣ አዲሱን መቀርቀሪያ ዘግቼ፣ የተኛሁበትን ሰዓት ቆጠርኩ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ተኝቼ አሥራ አንድ ላይ ነው የተነሳሁት፤ ስምንት። ሳቁ ቀስ ብሎ ለቀቀኝ።

ሌላውን ሁሉ እያታለልኩ፣ አንድ ሰው ብቻ አልሸወድ አለኝ። ዘበኛው ኦቦ ጀቤሳ በሩ ላይ ሆነው ስገባም ስወጣም ያስተውሉኛል። በሁለተኛው ሳምንት ጠሩኝ።

«በርሲስቱ» አሉኝ፤ መምህርት ማለታቸው ነው። «ያን ጊዜ አታዛጊም ነበር።»

«አሁን አዛጋለሁ?»

«አፍሽን በሻሽ እየሸፈንሽ ታዛጊያለሽ። እኔ ምን አገባኝ። ዝም አይነቅዝም» ብለው በሩን ከፈቱልኝ።

እውነታቸውን ነው። የማታው ክኒን ከባድ ነው፤ በጠዋት መነሳቱና ቀኑን ሙሉ እብድ መሆኑ ደግሞ ያደክማል። እውነተኛው አያደክምም፤ ውሸቱ ነው የሚገድለው።

ጅሩ በነዚያ ሁለት ሳምንታት ሸነን ነበር። ጠዋት ጠዋት ይደውላል፤ ስምንት እለዋለሁ፤ ይጽፋል። ስለ ሻሹ አልነገርኩትም። በስልክ ቢሰማ ይደነግጣል ብዬ ነው፤ ሲመጣ አጫውተዋለሁ፣ አብረን እንስቃለን ብዬ ነው። ይህ ለሰው የምሰጠው ምክንያት ነው። እውነቱ እንደሚከለክለኝ ስለማውቅ ነው።

ለጅሩ የነገረችው አመለሸጋ ናት። ጥሩ ሰው ናት፤ ስብሰባው ውስጥ እሺ በሏት ሲባል አንጀቷ ያረረ እሷ ብቻ ናት። ኢንስፔክተሮቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ጅሩ ጋ ደውላ፣ ሃዋኒ መድኃኒቷን ካቆመች ሁለት ሳምንቷ ነው፣ ቢጫው ሻሽ ወጥቷል፣ እኛም ዝም ብለን እየተጠቀምንባት ነው፣ ድረስላት ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሦስት ኢንስፔክተሮች ግቢ ገቡ። ኦቦ ዲንሳ ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዷቸው። እኔ በመምህራን ማረፊያው ጠረጴዛ ላይ፣ በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ማለቴ ነው፣ ቦክስ ፋይሎቹን በቁጥር እደረድራለሁ። የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ጅሩ የራስ ቁሩን እንደያዘ፣ እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ ገባ። በሌላ እጁ የኔን የሌሊት ልብስ የያዘ ከረጢት አንጠልጥሏል። ሐኪሙን አነጋግሯል፤ ወደ አምቦ የሚወስደን መኪና በር ላይ ቆሟል። ከኋላው ኦቦ ጀቤሳ ቆመዋል።

«ነይ እንሂድ» አለኝ።

«ጅሩ፣ ደህና ነኝ።»

ከረጢቱን ዘረጋልኝ። እንዴት ይመነኝ? ሶፋውን ጋሪ ላይ እያስጫንኩ በስልክ ሲጠይቀኝም ደህና ነኝ ነበር ያልኩት። ስታመም የምለውና ስድን የምለው አንድ ነው፤ ለዚህ ሕመም ሌላ ቃል አልተሰጠኝም። ከቦርሳዬ የክኒኑን ማሸጊያ አውጥቼ አሳየሁት። ከአሥራ አራቱ አሥራ ሦስቱ ጎድጓዳ ባዶ ነው፤ የቀረው የዛሬ ማታው ነው። ተቀብሎ አገላበጠው።

«በጎመኑም ጊዜ ማሸጊያው ባዶ ነበር» አለኝ።

ያኔ ሁሉንም ነገርኩት። ኦቦ ዲንሳ ያሉትን፣ ሻሹን፣ የሚያለቅሰውን በር፣ የዋቆን ዕቅድ። እየነገርኩት ራሴን ሰማሁት። ዳይሬክተሩን ሽንት ቤት ለማስቀባት ያበድኩ መስዬ ነው፣ አልታመምኩም፣ ሁሉም አምነውኛል እያልኩ ነው። እንዲህ የምትል ሴት ብታመጡልኝ እኔም አምቦ ነው የምወስዳት። ስደነግጥ ፈጠን ብዬ አወራሁ፤ ፈጠን ስል የጅሩ ፊት ይበልጥ ጠቆረ። ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። ከዝናቡ ጎን ያሉትን አሥራ ሦስት ስምንቶች በቀይ እስክሪብቶ አንድ በአንድ ሰርዟቸው ነበር። ማታውን ነው የሰረዛቸው፤ መስመሩ ወረቀቱን ቀዶታል።

«ይህን ብቻ ባትነኪው» አለ። «ሌላው ሁሉ ይቅር። ይህን ብቻ።»

እነዚያ ቁጥሮች እውነት ነበሩ። በሕይወቴ ለሰው ከሰጠሁት ሁሉ እንደነሱ ንጹህ የለም፤ የማሳምንበት መንገድ ግን አልነበረኝም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስቀመጥ የሁለት ሳምንቱ ድካም በአንድ ጊዜ መጣብኝና አፌ ሳላዘው ተከፈተ፤ ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ድረስ አዛጋሁ።

ጅሩ ቀና አለ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታዛጋ ነው የከረመችው» አሉ ኦቦ ጀቤሳ ከበሩ ላይ። «ያን ጊዜ ዘጠኝ ቀን ስጠብቃት አንዴ አላዛጋችም። እኔ በር ላይ ነው የምውለው፤ አፍ አያለሁ።»

ጅሩ ጃኬቱን አውልቆ ጠቅልሎ ሶፋው ራስጌ ላይ አስቀመጠ። «እስቲ ጋደም በይ» አለኝ።

«ኢንስፔክተሮቹ ሊገቡ ነው እኮ።»

«ይግቡ።»

ጋደም አልኩ። በጋ ላይ የሆነ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ጅሩም እኔም እናውቀዋለን። ጃኬቱ የሞተር ዘይትና የሸነን አቧራ ይሸታል። የራሴን ሶፋ ከአራት ዓመት በኋላ ጀርባዬ አወቀው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የምነግራችሁ ኦቦ ጀቤሳ የነገሩኝን ነው።

አንኮራፍቻለሁ ይላሉ። ኦቦ ዲንሳ ሦስቱን ኢንስፔክተሮች አስከትለው በሩን ሲከፍቱ ጅሩ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የግድግዳ ሰዓቱን እያየ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ኦቦ ዲንሳ ሊቀሰቅሱኝ ሲሉ ጅሩ እጃቸውን ያዘ። ከኢንስፔክተሮቹ አንዷ ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መምህርቷ አሟት እንደሆነ ጠየቀች። ጅሩ በሹክሹክታ «የለም፣ ደህና ናት» አለ፤ ፊቱ ግን ሎተሪ የደረሰው ሰው ፊት ነበር። ሴትየዋ የመምህራን ማረፊያ እንዲህ በእርግጥ የሚያርፉበት ሆኖ አይታ እንደማታውቅ ተናግራ ወረቀቷ ላይ ጻፈች። በጫማቸው ጫፍ ወጡ።

ስነቃ ኢንስፔክተሮቹ ሄደዋል። ኦቦ ዲንሳ ደረጃ ሦስታችን ሳይጸና እንደማይቀር እየተናገሩ ገቡና ውለታዬን እንደማይረሱ፣ የሕመም ፈቃዱም መፈረሙን ነገሩኝ። ክኒኑን አንድም ቀን እንዳላቋረጥኩ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ሠራው?» አሉ።

«እናንተ ናችሁ ኦቦ ዲንሳ። እርስዎ ስድስት በር።»

ጥፍራቸው ሥር የቀረውን ሰማያዊ ቀለም አዩት። ሊቀመጡ ወደ ሶፋው ጠጋ አሉ። ጅሩ በትህትና፣ ሚስቱ ያልጨረሰችው እንቅልፍ እንዳለና ሞዴል 22 በእጁ ሳይገባ ከዚህ እንደማይነሳ ነገራቸው። ኮሚቴ መቀመጥ አለበት አሉ። ጅሩም እንዲቀመጡ ወንበር አቀረበላቸው፤ የተማሪ ወንበር።

እሳቸው አባላቱን ሊጠሩ ሲወጡ ጅሩ ላይ ዓይኔን ማንሳት አፈርኩ። ነግሬህ ቢሆን ኖሮ አልኩት። ቢሆን ኖሮ አለኝ፤ ቁጣው ገና አልወጣለትም፤ ለብዙ ቀንም አልወጣለትም። ስንት ሰዓት እንደተኛሁ ጠየቅሁት።

«ሁለት ሰዓት ከሩብ» አለ።

ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። የዛሬውን ጻፈ። ከዚያ ገጹን ወደ ኋላ ገለጠና፣ ቀዩ እስክሪብቶ ከቀደዳቸው መስመሮች ጎን፣ አሥራ ሦስቱን ስምንቶች አንድ በአንድ እንደገና ጻፋቸው።